የቄጤማው መስቀል

ሰሞኑን ከደረሱን ደብዳቤዎች መካከል ለዛሬ የመረጥነው ባሕር ተሻግሮ ከአየርላንድ የመጣውን ነው። ደብዳቤ አልን እንጂ ዘንድሮ ፖስታና ቴምብር የለ፤ በስልክ ነው የሚላከው። ጸሐፊዋ የ27 ዓመት ወጣት ናት። ስሟንም፣ የምትኖርበትንም ከተማ እንዳናወጣ አደራ ብላናለችና አደራዋን ጠብቀናል። ነገሩ ባጭሩ እንዲህ ነው።

እህታችን አየርላንዳዊ አግብታ እዚያው መኖር ከጀመረች ሁለት ዓመት አልፏታል። መጀመሪያ ሰሞን ብርዱ፣ ጨለማውና ብቸኝነቱ ተደራርበው አገሯን እያሰበች ስታለቅስ ነው የከረመችው። ያፅናኗት የባሏ እናት ናቸው። ሻይ አፍልተው ይጠብቋታል፤ እንግሊዝኛው ሲያቅታት ቀስ ብለው ይደግሙላታል፤ ገበያ ይዘዋት ይወጣሉ። እኚህ ደግ አማት ባለፈው ኖቬምበር አረፉ። ባልና ሚስቱ አሁን የሚኖሩት በእሳቸው ቤት ነው።

እዚያ ቤት ውስጥ፣ ከኩሽናው በር በላይ፣ ከደረቀ ሣር የተጎነጎነ አራት ክንድ ያላት ትንሽ መስቀል ተሰቅላ ነበር። ከዚህ በኋላ ያለውን በራሷ አንደበት እንስማው።

«ለገና ቤቱን ሳጸዳ ከአንዲት ጓደኛዬ ጋር በስልክ እያወራሁ ነበር። ካሜራውን ሳዞርላት መስቀሉን አየችውና ‹ያ ደግሞ ምንድነው?› አለችኝ። ትንሽ ቆይታ ከኢንተርኔት ፈልጋ ‹አንቺ! የጥንት ጣኦት ምልክት ነው እኮ! እስካሁን ያልወለድሽውም በሱ ምክንያት ይሆናል› ብላ አስደነገጠችኝ። እኔም አወረድኩና ከቆሻሻው ጋር ጣልኩት። ባለቤቴ ማታ ሲገባ ባዶውን ሚስማር አየ። ጠየቀኝ፤ ነገርኩት። ወደ ውጪው ገንዳ ሮጠ፤ ግን የቆሻሻ መኪናው ጠዋት ወስዶታል። አልጮኸብኝም፤ ቢጮህ ይሻለኝ ነበር። ‹እናቴ ለመጨረሻ ጊዜ የሠራችው ነበር› አለኝና ወጣ። ከዚያን ቀን ወዲህ ከ‹ደህና አደርሽ› የዘለለ ቃል የለንም። የሚተኛው ሶፋ ላይ ነው። ፌብሯሪ 1 ደግሞ የዚሁ መስቀል በዓል ነው አሉ። ምን ላድርግ? ያደረግሁትስ ጽድቅ ነው ኃጢአት?»

ደብዳቤው ይኸው ነው። እህቴ፣ መልሳችን ትንሽ ይረዝማል። ምክንያቱም ምን እንደጣልሽ ሳታውቂ ይቅርታ ብትጠይቂ፣ ይቅርታሽ ከአፍ አያልፍም። ስለዚህ መጀመሪያ ነገሩን እንወቀው። (ቀኖቹንና ዓመቶቹን የምንጽፈው በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው። ፌብሯሪ 1 በኛ ጥር 24 ገደማ ይውላል።)

የበዓሉ ነገር

አየርላንዶች ከጥንት ጀምሮ ዓመቱን በአራት በዓላት ይከፍሉታል። ኖቬምበር 1 ሳዊን ይባላል፤ የብርዱና የጨለማው ወራት ይገባል። ፌብሯሪ 1 ኢምቦልክ ነው፤ ጸደይ ይጀምራል። ሜይ 1 ቤልተነ፣ ኦገስት 1 ደግሞ ሉናሳ፣ ማለትም የአዝመራው መግቢያ ነው። ከአራቱ ሦስቱ፣ ሳዊን፣ ቤልተነና ሉናሳ፣ በአይሪሽ ቋንቋ ዛሬም የወር ስሞች ናቸው። እንግዲህ አራቱ በዓላት የገበሬና የእረኛ የቀን መቁጠሪያ ነበሩ ማለት ነው። ከብት መቼ ከበረት ይውጣ? መቼ ይታረስ? መቼ ይታጨድ? የሚለውን የሚመልሱት እነሱ ናቸው።

«ፌብሯሪ ላይ ደግሞ ምን ጸደይ አለ?» ትዪ ይሆናል። እውነትሽን ነው። ያን ጊዜ አገሩ ገና ብርድ፣ ንፋስና ዝናብ ነው። የአየር ጠባይ ባለሙያዎችም ጸደይን የሚቆጥሩት ከማርች 1 ነው። ኢምቦልክ ግን የሙቀት በዓል አይደለም፤ የምልክት በዓል ነው። የብርዱ ጀርባ መሰበሩን የሚያሳዩ ጥቃቅን ምልክቶችን አይቶ «ተመስገን፣ አለፍነው» የሚባልበት ቀን ነው።

ምልክቶቹ ምንድናቸው? አንደኛው ብርሃን ነው። ደብሊን ላይ በዲሴምበር መጨረሻ ቀኑ ሰባት ሰዓት ተኩል ብቻ ነው የሚረዝመው። ፀሐይ ከጠዋቱ 2 ሰዓት ተኩል ካለፈ በኋላ ትወጣና ገና 10 ሰዓት ከሩብ ሳይሞላ ትጠልቃለች። ፌብሯሪ 1 ሲደርስ ግን ቀኑ ከአንድ ሰዓት በላይ ጨምሯል። አዲስ አበባ ላይ በዓመቱ ረጅሙና አጭሩ ቀን መካከል ያለው ልዩነት አንድ ሰዓት ገደማ ብቻ ስለሆነ ነገሩ አይታወቀንም። እዚያ ላለ ሰው ግን ከሥራ ሲወጣ ሰማዩ ገና ብርሃን ሆኖ ማየት ትልቅ ነገር ነው።

ሁለተኛው ምልክት አበባ ነው። አንገቷን የደፋች፣ ነጭ፣ ትንሽ አበባ በረዶም ሆነ ውርጭ ሳያግዳት ከመሬት ብቅ ትላለች። ሦስተኛው ወተት ነው። በግ መውለጃዋ ደርሶ ጡቷ መሙላት ይጀምራል። የበዓሉ ስምም ከዚህ ጋር ነው የሚያያዘው። ከሺህ ዓመት በፊት የተጻፈ አንድ የአይሪሽ የቃላት መፍቻ ስሙን «የበግ ወተት» ብሎ ይፈታዋል። የቋንቋ አጥኚዎች ደግሞ «በሆድ ውስጥ» ማለት ነው የሚሉ አሉ፤ እርጉዝ በግን ለማለት ነው። ልጅ ናፍቀሽ ለተቀመጥሽው ላንቺ ይህ ትርጉም ምን እንደሚል እናውቃለን። ወደሱ እንመለሳለን።

በአየርላንድ ታራ በሚባለው ኮረብታ ላይ ደግሞ ከአምስት ሺህ ዓመት በፊት የተሠራ የመቃብር ጉብታ አለ። ጠባብ መግቢያው የተቀጣጨው በዚህ ሰሞንና በኖቬምበር መግቢያ የምትወጣው ፀሐይ ብርሃኗን ወደ ውስጥ እንድትልክ ሆኖ ነው። ይህን ቀን መጠበቅ የትናንት ነገር አይደለም ማለት ነው።

ብሪጂድ ማን ናት?

ክርስትና ወደ አየርላንድ ከገባ በኋላ ፌብሯሪ 1 የቅድስት ብሪጂድ በዓል ሆነ። ብሪጂድ ከፓትሪክና ከኮሉምባ ጋር የአገሪቱ ሦስት ጠባቂ ቅዱሳን ከሚባሉት አንዷ ናት። በልማድ እንደሚነገረው በ451 አካባቢ ተወልዳ በ525 አካባቢ አርፋለች። ኪልዴር በሚባለው ቦታ ገዳም መሥርታ መርታለች። ኪልዴር ማለት በቋንቋቸው «የዋርካ»... ይቅርታ፣ ዋርካ የኛ ነው፤ «የኦክ ዛፍ ቤተ ክርስቲያን» ማለት ነው።

ስለ እሷ የሚተረከው ብዙ ነው። ለገዳሟ የሚሆን መሬት ንጉሡን ስትለምን እምቢ አላት አሉ። «እንግዲያው ይቺ ካባዬ የምትሸፍነውን ያህል ብቻ ስጠኝ» አለችው። ስቆ እሺ አለ። ካባዋን ብትዘረጋው እየሰፋ እየሰፋ ሜዳውን ሁሉ ሸፈነው ይባላል። ይህን የሚያስታውስ ልማድ ዛሬም አለ። በዋዜማው ምሽት አንዲት ቁራጭ ጨርቅ ደጅ ይሰቀላል፤ ብሪጂድ ስታልፍ ትባርከዋለች ተብሎ ይታመናል። ጨርቁ ዓመቱን ሙሉ ይቀመጥና ራስ ምታት ለያዘው ሰው፣ ምጥ ለጠናባት ላምም ሳይቀር ይታሰራል።

የመስቀሉ ታሪክ ደግሞ ይኸውልሽ። አንድ ያልተጠመቀ የጎሳ አለቃ በሞት አፋፍ ላይ ሳለ ብሪጂድ ልታስታምመው ገባች። ያኔ የቤት ወለል ላይ ቄጤማ ይጎዘጎዝ ነበር። አጠገቡ ተቀምጣ ከወለሉ ቄጤማ እያነሳች ትጎነጉን ጀመር። በሽተኛው «ምን እየሠራሽ ነው?» አላት። «መስቀል» አለችውና ትርጉሙን አስረዳችው። ሰውየው ተጠምቆ አረፈ። ትውፊቱ ይህ ነው።

ስለዚህ በየዓመቱ በዋዜማው፣ ጃንዋሪ 31 ማታ፣ ቤተሰብ ተሰብስቦ መስቀሉን ይሠራል። ቄጤማው በእጅ ይነቀላል እንጂ በማጭድ እንዳይቆረጥ ይደረጋል። በብዙ ቦታ አንዲት የቤቱ ልጅ ቄጤማውን ታቅፋ ደጅ ትቆምና ብሪጂድን ወክላ ታንኳኳለች፤ ውስጥ ያሉት «እንኳን ደህና መጣሽ፣ ግቢ» ይሏታል። ከዚያ ራት ይበላል፤ ድንች ከጎመን ጋር ተፈጭቶ መሐሉ ላይ ቅቤ ይደረግበታል። ከራት በኋላ መስቀሉ ተጎንጉኖ በር ላይ ወይም ጣሪያ ሥር ይሰቀላል። ቤቱን ከእሳትና ከረሃብ ይጠብቃል ተብሎ። አሮጌውን የሚያቃጥሉ ቤቶች አሉ፤ ብዙዎች ግን እዚያው ይተዉትና በየዓመቱ አዲስ ይጨምሩበታል። ጣሪያውን አይተሽ ቤቱ የስንት ዓመት ትዳር እንደሆነ መቁጠር ትችያለሽ ማለት ነው።

እንግዲህ አንቺ የጣልሽው ሣር አልነበረም። አማትሽ ባለፈው ዓመት በዋዜማው ቁጭ ብለው በጣታቸው የጎነጎኑት፣ «ልጆቼን ይጠብቅልኝ» ብለው ከበራቸው በላይ የሰቀሉት ነበር። ባልሽ የፈለገው የእናቱን ጣት ነው።

ጣኦት ነው ወይስ አይደለም?

ጓደኛሽ ያየችው ነገር ከሜዳ የተነሳ አይደለም። ከላይ የጠቀስነው የቃላት መፍቻ፣ የጥንት አየርላንዶች ብሪጂድ የምትባል የግጥም አምላክ እንደነበረቻቸው፣ በዚሁ ስም የሚጠሩ የሕክምናና የብረት ሥራ እህቶች እንዳሏትም ይናገራል። ዛሬም የቅድመ ክርስትና እምነትን እናድሳለን የሚሉ ሰዎች በአውሮፓና በአሜሪካ ቀኑን ለዚህችው አምላክ ያከብሩታል። ኢንተርኔት ላይ በብዛት የምታገኙትም የእነሱን ጽሑፍ ነው።

ይሁን እንጂ ነገሩን በሁለት ዓይን ማየት ይገባል። አንደኛ፣ ስለ አምላኳ የሚናገረው ያ መጽሐፍ የተጻፈው በ900 አካባቢ ሲሆን፣ የቅድስቲቱን ገድል ኮጊቶሰስ የተባለ መነኩሴ የጻፈው ከዚያ ቀድሞ በሰባተኛው መቶ ዓመት ነው። ሁለተኛ፣ ክርስትና ከመግባቱ በፊት በዚህ ቀን ምን ይደረግ እንደነበር የሚናገር በቂ ማስረጃ የለም። የቄጤማው መስቀል ራሱ በጽሑፍ የሚገኘው ከእነዚህ ሁሉ እጅግ ዘግይቶ ነው። «የጥንት ጣኦት ምልክት ነው» ብሎ አፍ ሞልቶ የሚናገር ሰው ካለ፣ ከማስረጃው አልፎ ሄዷል ማለት ነው። ቅድስቲቱ የአምላኳን ስም ወረሰች ወይስ ሁለቱ በስም ብቻ ተገናኙ? ምሁራኑ ራሳቸው እስካሁን ይከራከሩበታል።

አማትሽ ግን ምሁራንም ክርክርም አያውቁም ነበር። ለእሳቸው የቅድስት ብሪጂድ መስቀል ነው፤ በቃ። በአየርላንድ ልጆች ትምህርት ቤት ውስጥ ይሠሩታል፤ ቄጤማ ሲጠፋ በመጠጫ ስትሮም ቢሆን። የአገሪቱ ቴሌቪዥን በ1961 ሥራ ሲጀምር መለያው አድርጎት ለአሥርት ዓመታት ተጠቅሞበታል። ኪልዴር ላይ መነኮሳይቱ ለዘመናት የጠበቁትና በኋላ የጠፋው የብሪጂድ እሳት በ1993 እንደገና ተለኩሷል። ከ2023 ጀምሮ ደግሞ ቀኑ በመንግሥት የሥራ መዝጊያ በዓል ሆኗል። በፌብሯሪ የመጀመሪያው ሰኞ ይውላል፤ ፌብሯሪ 1 ዓርብ ከሆነ ግን እዚያው ዓርብ። በሴት ስም የተሰየመ የመጀመሪያው የአገሪቱ የሕዝብ በዓል ይኸው ነው።

አሁን ደግሞ አንቺን እንጠይቅሽ። እናትሽ ቤት በዓል ሲደርስ ወለሉ ላይ ምን ይጎዘጎዛል? ቄጤማ! በቅዳም ሹር ካህናቱ ቤት ለቤት እየዞሩ የሚያድሉት፣ እናትሽ ግንባሯ ላይ የምታስረውስ? ቄጤማ! እስቲ አንድ የውጪ አገር ሰው ቤታችሁ ገብቶ፣ እናትሽ ያሰረችውን ቄጤማ «ይሄ የጥንት ባዕድ አምልኮ ነው» ብሎ ገንዳ ውስጥ ቢጥለው፣ አንቺ ሶፋ ላይ ትተኚ ነበር ወይስ ቤቱን ለቀሽ ትሄጂ ነበር? ቁርጡን ንገሪን።

«ኃጢአት ነው ጽድቅ?» ላልሽው፣ እኛ ጋዜጠኞች እንጂ ቄሶች አይደለንም። እሱን ለንስሐ አባትሽ ንገሪያቸው። ስትነግሪያቸው ግን ጓደኛሽ ያለችሽን ብቻ ሳይሆን ከላይ ያነበብሽውን ሁሉ ንገሪያቸው። የኛ መልስ በሌላው ላይ ነው። የሰው ዕቃ፣ ያውም የሟች እጅ ሥራ፣ ሳይጠይቁ መጣል በየትኛውም እምነት ልክ አይደለም። እምነትሽ ከከበደሽ «ይሄ ነገር ያሳስበኛል፣ ምንድነው?» ብሎ መጠየቅ ነበረብሽ። ጥያቄው አምስት ደቂቃ አይፈጅም ነበር።

ልጅ አለመውለድሽስ?

ይህን ለብቻው እንለየው፤ ከበሩ ሣር ጋር ምንም አያገናኘውም። ያ መስቀል በተሰቀለበት ቤት ስንት ልጅ እንደተወለደ ባልሽን ጠይቂው፤ አንዱ እሱ ራሱ ነው!

ከ35 ዓመት በታች ያለች ሴት አንድ ዓመት ሙሉ ያለ መከላከያ ሞክራ ካላረገዘች ሐኪም ማየት አለባት፤ የሐኪሞች ምክር ይኸው ነው። አንቺ ብቻ ሳትሆኚ እሱም ጭምር። ችግሩ ከወንዱ በኩል የሚሆንበት ጊዜ ትንሽ አይደለም። ብዙው ነገር ደግሞ በምርመራ የሚታወቅና መድኃኒት ያለው ነው። ይህን ጭንቀት ለብቻሽ ይዘሽው ከርመሻል መሰለን፤ ለዚህም ነው የጓደኛሽ አንዲት ቃል እንደዚያ ያስደነበረችሽ። ባልሽ መስቀሉን ለምን እንደጣልሽ እንጂ ምን እንደሚያስፈራሽ ያውቃል? ካላወቀ ንገሪው። ቂሙን የሚያለዝበው እሱ ይሆናል።

ጨለማውንም አትናቂው። የብርሃን እጥረት የሚያመጣው የስሜት መውደቅ በሕክምና የታወቀ ነገር ነው። እንቅልፍ ማብዛት፣ ድካም፣ ከሰው መራቅ፣ ያለ ምክንያት ማልቀስ፣ እነዚህ በየዓመቱ በብርዱ ወራት ከመጡብሽ ሐኪምሽን አማክሪ። በማለዳ ለግማሽ ሰዓት ያህል ፊት ለፊት የሚቀመጡበት ልዩ መብራት አለ፤ ብዙዎችን ረድቷል። ቀን ቀን ወጣ ብሎ መራመድም ደግ ነው። ጠቆር ያለ ቆዳ ያለን ሰዎች በዚያ አገር ፀሐይ በቂ ቫይታሚን ዲ ማግኘት ስለሚቸግረን እሱንም ጠይቂ። በሐዘን ላይ ያለ ባልና በጨለማ የተጨነቀች ሚስት አንድ ቤት ውስጥ ዝም ሲባባሉ፣ ጥፋቱ ሁሉ የመስቀሉ ብቻ አይሆንም።

እና ምን ታድርጊ?

አንደኛ፣ በዓሉን አትጠብቂ። ዛሬ ማታ ወይም ነገ፣ እሱ ደክሞት ሳይሆን ጋብ ሲል፣ ቴሌቪዥኑን አጥፊና «የእናትህን የእጅ ሥራ ሳልጠይቅህ ጥያለሁ። ምን እንደነበር አላወቅሁም፤ አሁን አውቄያለሁ። ይቅርታ አድርግልኝ» በይው። «ጓደኛዬ አሳስታኝ ነው» የሚለውን ተዪው። ጣቱ ያንቺ ነው። «አንተም ብትነግረኝ ኖሮ» የሚለውንም ዋጪው። እምነትሽን አልካድሽም፤ ይቅርታ የምትጠይቂው ሳትጠይቂ ስለወሰድሽው ነው።

ሁለተኛ፣ ወዲያው ይቅር እንዲልሽ አትጠብቂ። እናቱን የቀበረ ሰው ነው። ሐዘኑ ገና ደረቱ ላይ ነው፤ አንቺ ደግሞ እሳቸውን ለሁለተኛ ጊዜ እንደቀበርሽበት ነው የተሰማው። ዝም ቢልም አጠገቡ ተቀመጪ።

ሦስተኛ፣ ስለ እናቱ ጠይቂው። ዋዜማውን በምን ያሳልፉት ነበር? ቄጤማውን የሚነቅል ማን ነበር? ራቱስ? ብዙ ወንድ «አዝኛለሁ» ማለት አይችልም፤ «እናቴ እንዲህ ታደርግ ነበር» ማለት ግን ይችላል። አንቺም እኮ አዝነሻል። እኚያ ሴት በጨለማው አገር በር የከፈቱልሽ ናቸው። አልቅሺላቸው ወይ? አብራችሁ አልቅሱ።

አራተኛ፣ በዋዜማው «ና እንሥራ፤ አስተምረኝ» በይው። መስቀሉን አንቺ ሠርተሽ አትጠብቂው። የገበያውንም ገዝተሽ አትስቀዪ፤ የጠፋውን በገንዘብ የተካሽ ይመስላል። እሱ ያስተምርሽ። ኅሊናሽ መሥራቱን እምቢ ካለሽ ደግሞ በግልጽ ንገሪውና ቄጤማውን እያቀበልሽ አጠገቡ ተቀመጪ፤ ራቱን ሥሪ። እሱም ቢሆን መሳተፍ ነው። ባዶው ሚስማር ላይ ምን እንደሚሰቀል ግን እሱ ይወስን።

አሠራሩን ካላስታወሰው

ወንድ ልጅ እናቱ ስትሠራ አይቶ እጁ ያላወቀ ብዙ ነው። ስለዚህ ይኸውልሽ፤ አገር ቤት ያላችሁም ለመሞከር ከፈለጋችሁ በቄጤማ ይሠራል።

ከሃያ የማያንስ ረጃጅም እርጥብ ቄጤማ አዘጋጂ። አንዱን ቀጥ አድርገሽ ያዢ። ሁለተኛውን ከወገቡ እጠፊና የመጀመሪያውን መሐሉ ላይ አቅፎ ሁለት ጫፎቹ ወደ ቀኝ እንዲያዩ አድርጊ። እጥፋቱን በጣትሽ አጥብቀሽ፣ ቀኝ ያለው ወደ ላይ እንዲሆን ሥራውን ሩብ ዙር አዙሪው። ሦስተኛውን አሁንም ከወገቡ አጥፈሽ ወደ ላይ የቆሙትን ሁሉ አቅፎ ወደ ቀኝ እንዲያይ አድርጊ። እንደገና ሩብ ዙር። አንድ ቄጤማ፣ አንድ ዙር፤ አንድ ቄጤማ፣ አንድ ዙር። መሐሉ አራት ማዕዘን እየሆነ ይሰፋል። ሲበቃሽ አራቱን ክንዶች ጫፋቸው ላይ በክር እሰሪና የተረፈውን በመቀስ አስተካክይ። ዋናው ምስጢር መሐሉን አለመልቀቅ ነው፤ ከለቀቅሽው ሁሉም ይበተናል። ለዚህም ነው ሁለት ሰው ሲሠራው የሚቀለው፤ አንዱ ይይዛል፣ አንዱ ያጥፋል።

አገር ቤት ላላችሁ

ጎበዝ፣ ይህ ደብዳቤ የሩቅ አገር ወሬ አይምሰላችሁ። እዚሁ አዲስ አበባም የሌላ አካባቢ፣ የሌላ ቋንቋ፣ የሌላ እምነት ሰው አግብታችሁ የምትኖሩ ብዙ ናችሁ። ባላችሁ ከእናቱ ቤት ያመጣት አሮጌ ጀበና፣ ሚስታችሁ ሳጥን ሥር የደበቀቻት ቁራጭ ነጠላ፣ በር ላይ የተንጠለጠለች ምንነቷን የማታውቋት ነገር ትኖራለች። ከመጣላችሁ በፊት ጠይቁ። መልሱ «ምንም አይደል፣ ጣይው» ሊሆን ይችላል። መልሱ አንድ ሙሉ የልጅነት ታሪክም ሊሆን ይችላል። ያን ጊዜ ባለቤታችሁን ካወቃችሁት በላይ ታውቁታላችሁ።

ሌላም ነገር። በስልክ የሚላክ ምክር ሁሉ ምክር አይደለም። ጓደኛ «ጣኦት ነው፣ መተት ነው፣ እሱ ነው ያመከነሽ» ስትል፣ የምትጥለው ያንቺን ትዳር እንጂ የሷን እንዳልሆነ አስቢ። እሷ ስልኩን ዘግታ ትተኛለች፤ ሶፋ ላይ የተኛው ያንቺ ባል ነው።

በኢምቦልክ ሰሞን የስኮትላንድ ሰዎች የሚሉት ነገር አለ። የብርዱን ወራት የምትገዛው አሮጊት በዚያ ቀን ማገዶ ልትለቅም ትወጣለች። ብርዱን ልታስረዝም ከፈለገች ለለቀማዋ እንዲመቻት ቀኑን ብራ ታደርገዋለች፤ ቀኑ ዝናብና ጭጋግ ከሆነ ግን ተኝታለች፣ ማገዶዋም አልቋል፣ ጸደይ ቀርቧል ማለት ነው ይላሉ። ስለዚህ እህቴ፣ የመጀመሪያው ቀን ንግግራችሁ ፀሐይ ባይሆንም አትደንግጪ። እንባም ቁጣም ሊኖረው ይችላል። ያልተነገረው ከተነገረ፣ የቤታችሁ ብርድ ማገዶው አልቆበታል።

ዋዜማው እንዴት እንዳለፈ ጽፈሽ አሳውቂን። ሌሎቻችሁም በትዳርና በፍቅር የገጠማችሁን ጻፉልን፤ ስማችሁ አይወጣም። ሳምንት እስክንገናኝ ቸር ይግጠመን።